ከክፈፉ ሥር ስለተቀመጠው አግዳሚ ወንበር

ለከተማችን የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያ፣ ሁላችሁም በደህና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኔ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ከማጉረምረሙ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ዓይኔም፣ በኋላ እንደሚረዱት፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ከሚመቸው በላይ ደህና ነው።

ይህ ለክቡርነትዎ የምጽፈው አራተኛው ደብዳቤ ነው። የፊተኞቹን ሦስቱን እንደ ወጉ በፖስታ አሽጌ መዝገብ ቤት አስገብቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ምን ደረሱ ብዬ ስሄድ፣ ሦስቱም እንደ ታሸጉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ በሥርዓት ተደራርበው መደርደሪያ ላይ አገኘኋቸው። አደራረባቸውን አይቼ ተደሰትሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከአዲሱ ጤና ጣቢያ ሸክላዎች በተሻለ ተደራርበዋል። ስለዚህ ይህኛውን ለመክፈት እንዳይቸገሩ ከመጀመሪያውም ክፍት አድርጌ፣ አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን ለጋዜጣው፣ አንዱን ለጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ በእጄ ገልብጬ ልኬዋለሁ።

እኔ በሚቀጥለው ሐሙስ ከሚመርቁት የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት በጎረቤት ልጆች ደብተርና ከሱቅ ዕቃ ተጠቅልሎበት በሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ባለቤቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሸክላ ጣሪያ ሲያለብስ የኖረ ሰው ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ «አባ ጋት» ይሉት ነበር። ሸክላ በተደረበ ቁጥር አራት ጣቶቹን ገጥሞ ይለካና፣ የላይኛው የታችኛውን አንድ ጋት ሙሉ ካልተጫነው «አንሣው፤ ይኼ ባርኔጣ እንጂ ጣሪያ አይደለም» ይል ስለነበር ነው።

ለክቡርነትዎ ስለ ጣሪያ ማስተማር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ሆኖም ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ልጅ አዝለው ቆመው የሚያነቡ እናቶች ስላሉ፣ ለእነሱ ስል ጥቂት ልበል። የሸክላ ጣሪያ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው። እያንዳንዱ ሸክላ ከጀርባው ባለች ትንሽ ጉጥ በአግድሙ እንጨት፣ ማለትም በማገሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ የላይኛው ረድፍ ደግሞ የታችኛውን ረድፍ ራስ ይጫናል። ዝናቡ ከሸክላ ወደ ሸክላ እየተቀባበለ ይወርዳል እንጂ መግቢያ አያገኝም። የመጨረሻው ረድፍ፣ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣው፣ ክፈፍ ይባላል። ነፋስ ጣቱን የሚያስገባው በዚያ በኩል ነው። ባለቤቴ «ቤት የሚታመመው ከእግሩ ሳይሆን ከክፈፉ ነው» ይል ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ፤ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ቢቀላቀሉብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ሸክላዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ከስድስቱ አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ነበር። የምረቃው ቀን ቀድሞ ስለተቆረጠ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ «በእጅ ባለው ሸክላ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ እንዲሸፈን» የሚል ደብዳቤ ወጣ። ሸክላ እንደ ሊጥ ሲስቡት የሚለጠጥ ነገር መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሠራተኞቹ እንደ ታዘዙት ማገሩን አራርቀው መቱት። ማገር ሲራራቅ መደረቢያው ያንሳል፤ ጋት የነበረው ሁለት ጣት ሆነ። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ ልብስ ሳሰጣ አንደኛው ሠራተኛ ለሌላው «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ የዘንድሮ ጋት ከስታለች» ሲለው ሰማሁ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። የቀልዱን ዋጋ የምትከፍለው ግን እናት ናት፤ ከጣሪያው ሥር ቁጭ ብላ፣ ልጇን አቅፋ፣ ወረፋ ስትጠብቅ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሚስማሩ። ሸክላዎቹ ከፋብሪካ የሚመጡት ራሳቸው ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ተበስቶላቸው ነው። የክፈፉ ረድፍ ስልሳ ሁለት ሸክላ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በእነዚያ ስልሳ ሁለት ሸክላዎች ላይ አንድም ሚስማር አልተመታም። በደንቡ ቢደረብ ኖሮ ቀዳዳዎቹ ከላይኛው ረድፍ ሥር ተሸፍነው ስለሚቀሩ ሚስማር ይኑር አይኑር ማንም አያይም ነበር፤ በሁለት ጣት ስለተደረበ ግን መቶ ሃያ አራቱም ቀዳዳዎች ተገልጠው እንደ ዓይን ወደ መስኮቴ ያፈጣሉ። ዝናብ ሲዘንብ በእነሱ እየገባ ማገሩን ያርሰዋል።

ይህንን ለፎርማኑ ልነግረው ወረድሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከነበረበት መሰላል ወርዶ፣ እጁን ጠርጎ አናገረኝ። ከኪሱም የፋብሪካውን የአሠራር መመሪያ አውጥቶ «እናቴ፣ እኔ በወረቀቱ ነው የምሠራው፤ እስቲ ሚስማር የሚል የት ጋ ነው? ያሳዩኝ» አለኝ። ወረቀቱ በጽሕፈት ቤትዎ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተሰጠው ነው። አየሁት። ማሽኑ ከግርጌው አንድ ጣት የምታህል ቆርጦ አስቀርቷል። እዚያ የነበረው ደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «የክፈፉ ረድፍ ሸክላዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ሚስማር ካልተመቱ በጉጣቸው ብቻ አይቆሙም።» ይህን ከግምት አልተናገርሁም። ዋናው ወረቀት፣ ያልተቆረጠው፣ እኔ ቤት አለ። ለምን እኔ ቤት እንዳለ በቦታው እነግርዎታለሁ። ለፎርማኑ በቃሌ ስነግረው አንገቱን ነቅንቆ «ሊሆን ይችላል እናቴ፤ ግን እኔ ዘንድ ያልተጻፈ ነገር ብመታ ተጠያቂ እሆናለሁ» አለኝ። ያልመታውም ነገር ሊያስጠይቀው እንደሚችል ለመንገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱ ግን ወደ መሰላሉ ተመልሷል።

ሦስተኛ፤ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ላሳየችኝ ትዕግሥት ምስጋናዬ ይድረሳት። ከታሸጉት ደብዳቤዎች ሌላ የማመልከቻ ቅጽ ሞልቼ በእጄ ስሰጣት፣ «ማዘር፣ ማመልከቻዎ ላይ የባለሙያ ፊርማ የለም፤ ያለ ባለሙያ ፊርማ ጣሪያ መፍራት አይቻልም» ብላ በግልጽ አስረዳችኝ። እኔ ለስልሳ ዓመት ያህል ያለ ማንም ፊርማ ስፈራ ኖሬ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው መጥቶ፣ ግቢው መካከል ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አሻቅቦ ተመለከተ። መሰላል ላውሳችሁ ብዬ ከመስኮት ስጣራ አንደኛው «አይልፉ እናቴ፣ ከዚህም በደንብ ይታያል» አለኝ። በጽሑፍ የደረሰኝ መልስ «ጣሪያው ከመሬት ሲታይ ቀጥ ያለና ለዓይን የሚማርክ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። እውነት ነው፤ ይማርካል። ጠርዙንም ነጭ ቀለም ቀብተውታል። በሽተኛን ኩል መኳል ካዳነው፣ ይኼም ይድናል።

አራተኛ፤ የአግዳሚውን ነገር አጥብቄ አመለክታለሁ። እናቶች ለክትባት ወረፋ እንዲጠብቁበት የታሰበው ረጅም አግዳሚ ወንበር ከክፈፉ በታች፣ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ማለትም ልክ ሸክላ ሲወርድ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ጥሩ ጥላ ያለው ትልቅ ዛፍ ስላለ፣ እኔና የግቢው ዘበኛ ግራና ቀኝ ይዘን አግዳሚውን ዛፉ ሥር ወሰድነው። በማግሥቱ ከቢሮዎ የመጡ ሰዎች መለሱት፤ በፕላኑ ላይ ቦታው ከክፈፉ ሥር ስለሆነ። እንደገና ወሰድነው፤ እንደገና መለሱት። በሦስተኛው ጊዜ ዘበኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ጽሕፈት ቤትዎ ለዘበኛ በአንድ ቀን ደብዳቤ መጻፍ እንደሚችል በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ለደብዳቤዎቼ መልስ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ።

አሁን ወደ ዓይኔ ልመለስ። የቤቴ መስኮት ከጤና ጣቢያው ጣሪያ ከፍ ይላል። ክረምቱ ሲገባ ወንበሬን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አስቀምጬ፣ አገጬን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የክፈፉ ጠርዝ የሚታይበት ላይ በሳሙና ጫፍ መስታወቱ ላይ መስመር አሰመርሁ። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው፤ ማጭበርበር የሚችል ዕቃ የለበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርዙና መስመሩ አንድ ነበሩ። ከሦስት ዝናብ በኋላ በመካከላቸው ክር የምታህል ብርሃን ገባች። ዓይኔ ነው ብዬ ተኛሁበት። ከአሥረኛው ዝናብ በኋላ የክብሪት እንጨት ውፍረት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መስመር አሰምሬያለሁ፣ ከእሱም በታች ሌላ። ዛሬ መስታወቴ ላይ አምስት የሳሙና መስመር አለ። ማገሩ በቀዳዳዎቹ በገባው ውሃ እየራሰ፣ እሱ ራሱ የተያዘበትን ሚስማር እየለቀቀ ነው፤ ረድፉም ሁሉም አብሮ፣ ሳይቸኩል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ እያሳሳቀ የሚወርድ ሸክላ ግን ዘንድሮ አየሁ። ከሃያኛው እስከ ሃያ አምስተኛው ያሉት ከሌሎቹ ቀድመዋል። ሃያ ሦስተኛው ከሁሉም ይቀድማል። እሱን ሳየው፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች የሚያይ ሰው ይመስለኛል።

ክቡርነትዎ፣ ይህች ሴት ሥራ ፈታ መስታወት ላይ በሳሙና ትጽፋለች ብለው ቢያስቡ አልፈርድብዎትም። ዋናው ወረቀት ለምን እኔ ቤት እንዳለ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ በአደባባይ ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቃሌ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያጥር ይታገሡኝ።

ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ባለቤቴ የፖስታ ቤቱን ጣሪያ ያለብስ ነበር። ያን ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ሸክላ አዲስ ስለነበር ፋብሪካው አብሮ መመሪያ ላከ። ባለቤቴ ማንበብ አይችልም ነበር። እኔ ገና ፊደልን ከፊደል ማጋጠም የጀመርሁ ነበርሁ፤ እሱ ግን በንባቤ ከእኔ ይልቅ ይኮራ ነበር። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ቤት አምጥቶ አስቀመጠና «እስቲ ስሟት» አላቸው። ትልልቁን ጽሑፍ እየተደናቀፍሁም ቢሆን አነበብሁት። ከግርጌው ግን እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከርሁት፤ ፊደሎቹ ተያያዙብኝ። አንደኛው እንግዳ አዛጋ። ባለቤቴ «እሱስ ምን ይላል?» ሲለኝ ፊቴ ጋለና «እሱ የፋብሪካው አድራሻ ነው» አልሁ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ፖስታ ቤቱ ሄድሁ። በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ሽማግሌ ነበር። የማነበውን ጋዜጣ አይቶ አንድ ሁለት ፊደል ያረመኝ ሰው ነው፤ ባለፍሁ ቁጥር «ልጄ፣ ዛሬስ ምን አነበብሽ?» ይለኝ ነበር። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ነበር። ፊቱ አራት አምስት ሰው ተሰልፏል። ባሏ ጣሪያው ላይ ሆኖ የሚሠራበትን ወረቀት ማንበብ ያቃታት ሴት ሆኜ ሰው ፊት መቆሙ አሳፈረኝና መልሼ ከተትሁት። «ዛሬስ?» ሲለኝ «ዛሬ እንኳ አላነበብሁም አባቴ» ብዬው አለፍሁ።

በሦስተኛው ክረምት ከፖስታ ቤቱ የክፈፍ ረድፍ አንድ ሸክላ ወረደ። አንድ ብቻ። ሽማግሌው ከሥሩ አጎንብሶ እየጻፈ ነበር። ሲጽፍ የነበረው ደብዳቤ ግማሹ ላይ ቀረ፤ ከማን ወደ ማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጉዳዩን የመረመረው ያው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ባለቤቴን ጠርተው «መመሪያ ተሰጥቶህ ነበር?» አሉት፤ «ተሰጥቶኛል» አለ። «ማን አነበበው?» አሉት፤ «እኔ» አለ። ወረቀቱን ሰጥተው ግርጌውን እንዲያነብ ሲጠይቁት «መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ» አላቸው። መነጽር ኖሮት አያውቅም። የሥራ ፈቃዱን ነጥቀው፣ ወረቀቱን መልሰው ሰጡት። ማታ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ በዚያ ሻካራ ጣቱ ደቃቁን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰና «ረጅም አድራሻ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ አብረን በኖርንበት አሥር ዓመት አንድም ቀን አላነሣብኝም። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፤ ለዚያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እስከ ግርጌው አነባለሁ። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ጀርባ፣ የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር። ከጽሕፈት ቤትዎ የሚወጣውንም አነባለሁ። ለዚህ ነው፣ ሽማግሌው በሞተ በአራተኛው ወር ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ «ከእንግዲህ በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ላይ የክፈፍ ረድፍ ሁሉ በሚስማር ሳይመታ ሥራው ርክክብ አይደረግም» የሚል መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር ያለው መመሪያ ማውጣቱን የማስታውሰው። ያች መመሪያ የወጣችው በአንድ ሰው ራስ ዋጋ ነው። ግልባጯ እኔ ዘንድ ስላለ፣ ከመዝገብ ቤትዎ ከጠፋች በደስታ አውስዎታለሁ፤ ከግርጌዋ ምንም ሳልቆርጥ።

ስለዚህ የምለምንዎ አዲስ ጣሪያ አይደለም። ጋቱን ዛሬ መመለስ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ እሱን ለበጋ ያድርጉት። አሁን የምለምንዎ የራሰው ማገር ተለውጦ የክፈፉ ረድፍ እንዲመታ ነው። ሁለት ሰው ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሚስማሩ በባለቤቴ ቆርቆሮ ውስጥ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ከመቶ ሃያ አራት ይተርፋል። መሰላሉ ከደረጃው ሥር ነው። የሚጎድለው የእርስዎ አንድ ፊርማ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ የቀደሙት፤ ቅጠሉን ይዤ ደጅዎ ላይ ከቆምሁ ሦስት ወር ሆነኝ። የምረቃው ቀን በሁለት ቀን ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ይህ ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ እንዳይጻፍ ነው ልፋቴ ሁሉ።

ካልሆነም፣ እሺ የሚል መልስ ካልመጣ፣ አስቤበታለሁ። ጤና ጣቢያው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጧት ጧት ወርጄ፣ ከሃያኛው እስከ ሃያ አምስተኛው ሸክላ ባለው ቦታ አግዳሚው ላይ እኔ እቀመጣለሁ። እናቶች እንዳይቀመጡበት ቦታ እይዛለሁ። ተነሺ የሚለኝ ካለ በጽሑፍ ይስጠኝ፤ እስከ ግርጌው አነበዋለሁ።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለወሰድሁ ከልብ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሦስቱ ላልተከፈቱ ደብዳቤዎቼ ስላደረጉላቸው ጥንቃቄ፣ ለኮሚቴው ያልደከመ አንገት፣ ለነጩ ቀለምና ለምረቃው ሪባን ጭምር ምስጋናዬን እየደገምሁ፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ በሄዱበት ሁሉ ከራስዎ በላይ ያለው ነገር በቦታው እንዲጸናልዎ ከሚመኙት ሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ፣
የአባ ጋት ሚስት፣
ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አምስት መስመር ያለበት መስኮት።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ልነሣ ስል ግቢው ውስጥ ድምፅ ሰምቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። የቢሮዎ ሰዎች ለሐሙሱ ሥነ ሥርዓት ልምምድ መጥተዋል። ለክብር እንግዶች ጥላ ይሆናል ብለው አግዳሚውን አንሥተው፣ በቦታው ከክፈፉ ሥር ወንበር ደርድረዋል። መካከለኛው ከሌሎቹ ከፍ ያለ፣ ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ጀርባው ላይ የእርስዎ ማዕረግ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። አገጬን ደፉ ላይ አሳርፌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። ልክ ከሃያ ሦስተኛው ሸክላ በታች ነው። ረጅም ጊዜ ስመለከተው እንደ ቆየሁ አልደብቅዎትም። ከዚያ ግን ወርጄ ወንበሩን ላነሣው ያዝሁት፤ ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ «እሱንስ ተይው እናቴ፣ አግዳሚ አይደለም፣ የባለሥልጣን ነው፤ እኔን በሁለተኛ ደብዳቤ አታስበዪኝ» ብሎ ለመነኝ። ስለ እሱ ስል ተውሁት። አግዳሚውን ግን፣ አሁን የሚመልሰው ስለሌለ፣ ዛፉ ሥር ወስደነዋል። ሐሙስ እናቶቹ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ጠጋ ጠጋ ካልን ለአንድ ሰው ቦታ ይተርፋል። እኔ ከጧት ጀምሮ ይዤልዎ እጠብቃለሁ።